ሐጂ ሸሪፍ አብዱልሀሚድ፣ የሸዋል ጨረቃ ምስክር

ሐጂ ሸሪፍ ከአባታቸው ከነጋዴው አብዱልሀሚድ ሙሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሩቂያ ዑመር በ1876 ዓ.ም. አንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ተወለዱ። ቁርኣን በዚያው ተምረው በጨውና በቡና ንግድ ኖሩ። በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰሊሃን አግብተው ልጃቸውን አሲያን ወለዱ።

ከሐጅ ሲመለሱ አሰብ ላይ የመርከበኛ መነጽር ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠራ ቁጥር ጨረቃን ያያሉ፤ ትናንት ያልታየው ጉድጓድ ዛሬ ለምን እንደታየ ለጎረቤት ያስረዳሉ። ጨረቃዋም ላይ እንደ አንኮበር ያለ ገደል አለ ይሉ ነበር። ወይዘሮ ሰሊሃ፣ «እኔንስ የዚህችን ግማሽ ያህል ቢያዩኝ!» ሲሏቸው፣ «አንቺማ መች ጠፍተሽ!» ይሉ ነበር።

የአልዩ አምባ ምዕራብ በተራራ ስለተከለለ አዲስ ጨረቃ የሚታየው አንኮበር አፋፍ ተወጥቶ ነው። ረመዳን በሃያ ዘጠነኛው ቀን ወጥተው፣ የቀጣዩ ወር የሸዋል ጨረቃ መታየቷን ለቃዲው የሚመሰክሩት እሳቸው ነበሩ። ጾሙ እንዲፈታ ሁለት ምስክር ስለሚያስፈልግ የወንድማቸውን ልጅ ዓወልን ያስከትላሉ። በመነጽር ያገኟትን በባዶ ዓይናቸው ደግመው ካላዩ አይመሰክሩም።

ጣልያን አንኮበር ከሰፈረ ወዲህ ጀምበር ጠልቃ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አፋፉ ላይ መታየት ተከለከለ። ሁለት ዓመት ተደብቀው አይተው ተመለሱ።

ትናንት፣ ማክሰኞ ኅዳር 13 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ከቋጥኝ ጀርባ ተቀምጠው በተምር አፈጠሩ። ሐጂ ሸሪፍ አንዷን ተምር፣ «ይህቺ ነገ ከዒድ ሶላት በፊት የምበላት ናት» ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ጨረቃዋ እንደ ፀጉር ቀጥናለች። ዓወል በዓይኑ ለያት።

«የሰው ዓይን ነው ያለህ የጭልፊት? እኔ ያየኋት በመነጽሩ ነው።»

«አጎቴ፣ ይበቃል፤ እንውረድ።»

«ባይኔ ሳላያት ምን ብዬ ልመስክር?»

መነጽሩን ሰጥተውት ቋጥኙ ላይ ቆሙ። «ያቻት! አየኋት!» አሉ። ጥይቱ ከጣልያን ጦር ሰፈር የመጣው ከቃላቸው ጋር ነው።

በሽታ አልነበረባቸውም። በእግራቸው የወጡ ሰው በቃሬዛ ወረዱ። ይህን የምንጽፈው አሁንም ሳናምን ነው።

ዓወል ለቃዲው መሰከረ። ሁለተኛው ምስክር ቃሬዛው ላይ ነበሩ። ቃዲው እያለቀሱ፣ «አንድ ሰው አይበቃኝም» አሉ። ስለዚህ ዛሬ ቀብራቸው ላይ የቆምነው ሠላሳኛውን ቀን ጾመን ነው። ጨረቃዋን በዓይኑ ላየ ሰው ግን ዛሬ ዒድ ስለሆነ መጾም አይፈቀድለትምና፣ ዓወል በቃዲው ትእዛዝ ጓዳ ገብቶ ከኪሳቸው የተገኘችውን ተምር በላ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። አላህ ቀብራቸውን ያብራላቸው፤ ምስክርነታቸውንም እሱ ይቀበላቸው።