የሚያነክሰው ፈረስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ባለጋሪውን አቦይ ግደይን ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያለው ውርርድ ቤት አስገባናቸው። ፈረሳቸው እያነከሰ ስለሆነ ጋሪው ላይ ሳይወጡ በእግራቸው እየመሩት ነበር። እኔና የዶርም ጓደኞቼ የጠራናቸው ልንስቅባቸው ነው።

የፈረስ ውድድር የሚታይበትን ስክሪን እያሳየሁ እንደ መምህር ሆኜ አስረዳኋቸው። ከየፈረሱ ስም አጠገብ ቁጥር አለ። ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል ተብሎ የሚጠበቀው ነው፤ ቢያሸንፍም የሚከፍለው ጥቂት ነው። ትልቅ ቁጥር ያለው እምብዛም አይቀናውም፣ ከቀናው ግን ብዙ ይከፍላል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስክሪኑ ላይ የሚሮጡት ኮምፒውተር የሠራቸው ሥዕሎች መሆናቸውን ብቻ ሆን ብዬ ተውኩት።

"ቁጥር ምን ያደርጋል ወደይ፣ ልጄ? የሚታየው እግሩ ነው" አሉኝ። ተጠግተው ሦስተኛውን ፈረስ አዩት። "ይሄን የፊት እግሩን ያመዋል። እንዲህ ሆኖ ማስሮጥ ግፍ ነው።"

ሌላ መረጡ። ሦስተኛው ሁሉንም ጥሎ አንደኛ ገባ። ቤቱ በሳቅ አውካካ፤ እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

አቦይ ግደይ አልተቆጡም። ስክሪኑን ትንሽ አዩና "ለካ እያነከሰም ይሮጣል" ብለው ወጡ።

ተከትያቸው በሩ ላይ ቆምኩ። ፈረሳቸው የታመመ እግሩን ከመሬት አንስቶ ይጠብቃቸዋል። ጋሪው ላይ ወጡ። ጅራፉን ከመቀመጫው ስር አወጡና ወደ እንዳ ኢየሱስ ዳገት እየገረፉ አስሮጡት። እያነከሰ ሮጠ።

ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ። ጓደኞቼ ከውስጥ "ና እንጂ፣ ቀጣዩ ሊጀምር ነው!" አሉኝ።

ገባሁ።