የተጠያቂው ስም እስከ ዓርብ ይላክ

ለተማሪዎች ውጤት ማሽቆልቆል መንስኤ አጣሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት ጎንደር ላይ በተካሄደው የአራት ቀን ጉባኤ ድምፅ ማጉያውን ሌላ ሰው ሳያስቸግሩ ብቻዎን ስለ ተሸከሙት፣ ጉሮሮዎ አገግሞ፣ ወገብዎም ከወንበሩ ድካም ተላቆ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎት ምኞቴ ነው። ስሜ እንዳልካቸው ይባላል፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በጉባኤው ላይ ከኋላ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለበት በኩል ስለ ተቀመጥኩ አያስታውሱኝም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከፍርሃት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በወጉ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው አካል ተመርቷል» የሚል ማኅተም አርፎባቸው፣ ከቢሮ ቢሮ ዞረው ዞረው መልሰው እኔው ጠረጴዛ ላይ አርፈዋል። ስለዚህ የሚመለከተው አካል እኔ ሳልሆን አልቀርም ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ምስጋናዬንም፣ የሒሳብ ሰው ነኝና፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አምና ከትምህርት ቤታችን ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት አንድ መቶ አርባ ሁለት ልጆች ዘጠኙ ብቻ ማለፋቸው እንደ ተሰማ፣ ዓመት እንኳን ሳይሞላ ኮሚቴ አቋቁመው ስለ ደረሱልን ከልብ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን ጨርሶ ካለመጮህ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ጥፋቱን በመቶኛ አስልተው ለየድርሻችን ስላከፋፈሉን አመሰግናለሁ። ወላጅ ሠላሳ አምስት፣ መምህር ሠላሳ አንድ፣ ተማሪ ሃያ ስምንት፣ ስልክ አሥራ ሁለት፣ የአየር ጠባይ ስድስት። ትምህርት ቤታችን በሁለት ዓመት ውስጥ ለስንት ወር ተዘግቶ እንደ ከረመ የሚናገር መስመር ብፈልግ አጣሁ፤ ምናልባት በአየር ጠባይ ውስጥ ተካትቶ ይሆናል። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት በተጻፈበት ረድፍ ላይ ሰረዝ ብቻ ነበር። ሠንጠረዡ በግድግዳው ላይ ሲበራ አዳራሹ በጭብጨባ ስለ ተናወጠ፣ ድምሩ መቶ አሥራ ሁለት በመቶ መሆኑን ለመናገር አመቺ ጊዜ አላገኘሁም። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ፈራሁ። ከሦስት መቶ ሰው መካከል አጨብጫቢው ሁሉ አስተማሪና የአስተማሪ አለቃ ነበር፤ ወይ ሁላቸውም አላዩትም፣ ወይ ሁላቸውም እንደ እኔ አይተው ፈርተዋል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ መወሰን አቅቶኛል።

ሦስተኛ፣ ከመካነ ብርሃን በኩል የወላጆች ተወካይ ሆነው ለመጡት ለአያ ውዱ ሙሉ ሁለት ደቂቃ ስለ ሰጡልን አመሰግናለሁ። አያ ውዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሥተው፣ «ጌታው፣ ክፍፍሉ ሸጋ ነው፤ ግና ምነው አከፋፋዩ ድርሻውን ሳያነሣ ቀረ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ አከፋፋይ አይቼ አላውቅም» ባሉ ጊዜ እርስዎ ከልብዎ ስቀው «ገንቢ አስተያየት ነው» ብለው በቃለ ጉባኤ አስፍረውታል። መልስ ባይሰጡትም ማስፈርዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በቁጥር የሚሄድልኝ አይደለም።

ከጉባኤው በተመለስኩ ማግስት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ልዕልት ደብተሯን አቀበለችኝ። ግማሽ ሲደመር ሲሶ ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ጽፋለች፤ ከጎኑም በቀይ እስክሪብቶ ያማረ ራይት ተደርጎበታል። ክቡር ሰብሳቢ፣ እርስዎ ይህን ማወቅዎ አያጠራጥርም፤ ለሌላው አንባቢ ብዬ ነው፦ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ዳቦ የያዘች ልጅ ሲሶ ሲጨመርላት ዳቦው እጇ ላይ አነሰ ማለት ነው። በዚህ ደጋ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ከአንዱ ማሳ እኩሉን፣ ከሌላው ሲሶውን ሲሰፍር አንድ ቁና አይሳሳትም።

ተቆጥቼ አልነበረም፤ አስረዳት ጀመር። እሷ ግን አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ትዕግሥት በተሞላበት ድምፅ አስቆመችኝ። ባለፈው ወር ፈተና ላይ እኔ እንዳስተማርኳት አምስት ስድስተኛ ብላ ጽፋ ኤክስ ተደርጎባት ኖሯል። «አባዬ፣ ያንተን አውቀዋለሁ እኮ፤ ያንተ የቤት ነው፣ ይኼ ደግሞ የትምህርት ቤት ነው» አለችኝ።

እግዚኦ! ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በከተማችን ጥይት በተተኮሰበት ቀን እንኳን አልፈራሁም። ልጄ ሰነፍ ብትሆን እገሥጻታለሁ፤ ባይገባት እደግምላታለሁ። እውነቱን ለቤት፣ ራይቱን ለትምህርት ቤት ከፍላ፣ ምንም ሳይከብዳት ተረጋግታ የተቀመጠችን የአሥር ዓመት ልጅ ግን ምን ተብሎ እንደሚያስተምሯት አላውቅም። በዚያ ላይ የመረጠችው ስሌት ለኑሮ እንደሚበጃት ሳስበው ይብሱን እፈራለሁ፤ መቶ አሥራ ሁለት በመቶ ባለበት አዳራሽ ዝም ብሎ የወጣ አባት በምን አፉ ይመክራታል?

በበነጋው ወደ ክፍሏ ሄድኩ። የሒሳብ መምህሯ ሰውአገኝ ይባላል፤ ሦስት ዓመት በጃናሞራ በኩል አስተምሮ ዘንድሮ ወደ እኛ የተዛወረ፣ ጠመኔ ሲያልቅ በራሱ ደመወዝ የሚገዛ፣ ቀርቶ የማያውቅ ልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ ያው ስሌት በውብ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። እኔን ሲያይ «ጋሼ!» ብሎ ፊቱ በራ፤ ተማሪዎቹን ብድግ አደረገና የእሱን አስተማሪ አስተዋወቃቸው። አዎን፣ ክቡር ሰብሳቢ፤ ሰውአገኝ በ2007 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ሕፃናት ቆመው አጨበጨቡልኝ።

ወደ መዝገብ ቤት ገብቼ የዚያን ዓመት የውጤት ሮስተር አስወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሰውአገኝ፣ ሒሳብ፣ ሠላሳ አንድ ተብሎ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ከላዩ ሃምሳ ተብሏል። ስርዙም ሃምሳውም የእኔ እጅ ጽሕፈት ነው። ያን ሰሞን ከበላይ የመጡ ሱፐርቫይዘር ስብሰባ ጠርተው «ተማሪ ከወደቀ የወደቀው መምህሩ ነው፤ ከመቶ ሁለት በላይ ያስደገመ ራሱ ይገመገማል» ብለውን ነበር። ገና ጎጆ የወጣሁ ነበርኩ፤ መገምገሙን ፈራሁና በአንድ ከሰዓት ሃያ ሰባት ልጆች አሳለፍኩ። ያን ዓመት ትምህርት ቤታችን የምስክር ወረቀት ተሸለመ፤ እስከ ዛሬ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ቅጽዎ ልመለስ። ትናንት ርዕሰ መምህራችን አቶ ላቀው እርስዎ የላኩትን ቅጽ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነህ ብለው ሰጡኝ። «የተጠያቂው ስም፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ የተወሰደው እርምጃ፤ እስከ ዓርብ ይላክ» ይላል። ለስሙ የተተወችው ሣጥን አንድ ጣት የማትሞላ በመሆኗ ጥፋተኛው አንድ ሰው፣ ያውም ስሙ አጭር የሆነ ሰው መሆን እንዳለበት ተረድቻለሁ። አቶ ላቀው ክፉ ሰው አይደሉም፤ «የሰውአገኝን ጻፈው፤ ገና ልጅ ነው፣ አላገባ አልወለደ፣ ሌላ ሥራ ይፈልጋል» አሉኝ። እንዲህ ያለውን አገሬው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይለዋል፤ እኔም ዳውላውን ለመምታት እጄን አንሥቼ ነበር።

የጻፍኩት ግን የራሴን ስም ነው። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልዎት። ከጻፍኩት ጀምሮ ባለቤቴ ሐረገወይን ምን ሆነሃል ብትለኝ እስካሁን አልነገርኳትም፤ የቢሮው በር በተንኳኳ ቁጥር የስንብት ደብዳቤ የመጣ ይመስለኛል። ሆኖም የሰውአገኝን ስም ብጽፍ ነገ በእሱ ቦታ የሚመጣው ከሃያ ሰባቱ ሌላው አለመሆኑን ማን ያረጋግጥልኛል? ይህ የበለጠ አስፈራኝ። በጥፋቱ ዓይነት ሥር «ሠላሳ አንድን ሃምሳ አድርጓል» ብያለሁ። ሣጥኗ ጠባብ ብትሆንም ስሜን አጥብቤ ስለ ጻፍኩ ከጎኑ ጥቂት ቦታ ተርፏል፤ አድርግ ብለው ያዘዙኝን ሰው ስም ግን እኔ ብሞላው ድፍረት ይሆንብኛል፤ የዚያን ዘመኑን ሱፐርቫይዘር ከማንም በላይ የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎትና በራስዎ እጅ ጽሕፈት ይሙሉት።

ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የሚቀጥለው ሠንጠረዥዎ ከመቶ እንዳያልፍ እየጸለይኩ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ ቆቤን አውልቄ፣ እጅ በመንሣት እሰናበትዎታለሁ።

እንዳልካቸው
የሒሳብ መምህርና የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጹ ዓርብ ሄዷል። ይህን ደብዳቤ ግን ልለጥፈው አልለጥፈው እያልኩ ሳመነታ ቅዳሜ ጠዋት ሰውአገኝን ቤቴ ጠራሁት። አንድ ወረቀት ስድስት ቦታ አጥፈን፣ ግማሹን ቀለም ቀብተን፣ ሲሶውን ጨምረን፣ አንዲት እጥፋት ብቻ ነጭ ሆና ስትቀር አየ። ከዚያ በፊት ያሳየው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ዘርግቶ እጥፋቶቹን በጣቱ ቆጠረ። ቀጥሎ፣ «ጋሼ፣ እስካሁን ያስተማርኳቸውስ?» አለኝ። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ አዋቂዎቹ ማን አጠፋ እያልን አራት ቀን ስንከራከር ማን ጠፋ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ተቀምጠን የእሱን ቆጠርናቸው፤ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ልጆች ናቸው። ቀና ብሎ የእኔን ጠየቀኝ። የእኔን ለመቁጠር ፈርቻለሁ።