ሪባኑ ስላልተቆረጠለት ማሽን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ በርዎን የሚያንኳኳም ሰው ጥቂት እንዲሆን እመኛለሁ። እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፈው፤ ቢዘበራረቅብኝ ይታገሱኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የልጄ መርዶ የደረሰኝ ቀን፣ «ሄደሽ ቀሚሴን ጨርሺ» ብላ ከአልጋዋ አጠገብ አባራኝ፣ የምረቃ ቀሚሷን ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። መርፌው እስካሁን እንደተሰካ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ከልጄ አንገት የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይተው አንዱ ሐኪምዎ ጤነኛ ነው፣ ሌላው ያጠራጥራል ሲሉ፣ ሁለቱንም እንዳያስቀይሙ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚለውን መካከለኛ መንገድ ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። እኛ ጠበቅን፤ እብጠቱ ግን አልጠበቀም።

፪. ላቦራቶሪው ጥግ ቀይ ሪባን ታስሮበት ስለቆመው ማሽንም አመሰግናለሁ። ባለሙያዋ እንዳስረዳችን፣ ኢንፍራሬድ የሚባል ዓይን የማያየው ብርሃን በናሙናው ላይ ያበራል፤ የካንሰር ሴልና ጤነኛ ሴል ለዓይን ቢመሳሰሉም ከብርሃኑ የሚውጡት ለየቅል ስለሆነ፣ ሐኪም ሲያመነታ ያግዘዋል። የልጄንም ይይልን ብለን ስንለምን፣ ማሽኑ ገና ስላልተመረቀ መንካት ክልክል እንደሆነ፣ ሪባኑን የሚቆርጡት ትልቅ እንግዳም ጊዜ እንዳልተመቻቸው በትሕትና ተነገረን። ልጄ ሪባኑን አይታ ሳቀች።

«እማዬ፣ ከእኔና ከእሱ ማን ቀድሞ የሚመረቅ ይመስልሻል?» አለችኝ።

ሁለቱም አልተመረቁም።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ እጄ እምቢ አለ። ማሽኑ ያድናት ነበር ብዬ አልከራከርም፤ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። ነገር ግን እግሬ ቤት አልቀመጥ ብሎኝ ትናንት ወደዚያው ኮሪደር ብመጣ፣ አንዲት ልጅ አንገቷን በሻርፕ ሸፍና ከእናቷ ጋር እኛ በተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ አገኘኋት። «ትንሽ እንጠብቅ» ብለዋታል። እባክዎ፣ ለእሷ ያብሩላት።

ማሽኑን ሰው እንዳይነካብዎ ስለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥበቃ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ያልተመረቀችው ልጅ እናት

ሳልረሳው፦ ምረቃው የዘገየው መቀስ ጠፍቶ ከሆነ የእኔ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ልልክልዎ እችላለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ሁሉ፣ ለዳይሬክተሩ አትጨነቁ፤ እሳቸውን እኔው በየቀኑ እመርቃቸዋለሁ። እናንተ ለልጄ ነፍስ ጸልዩልኝ።