ጣሊያንኛ የማይችለው አስተርጓሚዬ

ታዬ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አምስት ዓመት ሞላ። ያለንበትን ልንገርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት እንቢ ከማለቱ በቀር ሌላው ደህና ነው። ልጅህ ብሩክ ሂርና ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍቷል፤ እጁ ያንተ ነው፣ ትዕግሥቱ ግን ከማን እንደመጣ እንጃ፣ ካንተስ አልመጣም። እዚህ ጭሮ ጋራዥህን የተከራየው ሰው የሚሠራው ባጃጅ ብቻ ነው። ቪዲዮ ቤታችን ደግሞ ጫት መሸጫ ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑ የነበረበት መደርደሪያ ላይ ዛሬ የጫት እስር ይደረደራል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ባለ ሪዙ ፊልም ነው።

ካሴቱን ያመጣልህ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ህንድና ካራቴ ሲያሳዩ አንተ የጣሊያን ፖሊስና ወንበዴ ይዘህ ብቅ አልክ። ንግግሩ ጣሊያንኛ ነው፣ ከሥሩ ጽሑፍ የለውም። ሰዉ ምን ቸገረው፣ ታዬ አለ! መኪና ስትፈታ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ ስትል የሰማ ሁሉ ጣሊያንኛ የምታንበለብል ይመስለው ነበር። ስምህም «ታዬ ጣሊያኑ» ሆኖ ቀረ። አልችልም ማለት አቅቶህ ካቻቢቴህን ይዘህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምክና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ መተርጎም ጀመርክ። ከመኪና ዕቃ ስም ሌላ አንዲት የጣሊያን ቃል እንደማታውቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በር ላይ ትኬት እየቆረጥኩ ሳቄን እውጥ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ፊልሙን አልወደድኩትም። ተኩስ ምኑ ይወደዳል? ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። የህንዱ ጀግና አሥር ሰው ሲደበድብ ፀጉሩ አይበላሽም፤ ያንተ ባለ ሪዝ ኮሚሽነር ግን ይደክመዋል። ኮቱ ተጨማዷል፣ ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ አለቃው ይቆጣዋል። ወንበዴውን አባሮ ይይዘዋል፤ ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው ስልክ ይደውልና ወንበዴው ይለቀቃል። እዚያ ላይ ቤቱ በሙሉ በአንድ ላይ «እህ» ይል ነበር። ለዚህ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ጭሮ ውስጥ አልነበረም።

መኪናውም የእውነት መኪና ነበር። በጠባብ መንገድ ይበራል፣ ደረጃ ሲወርድ ሆዱ ሲፋቅ ይሰማል፣ ሲጋጭም ይጨረማመታል። አንተ በካቻቢቴህ እየጠቆምክ አሁን ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ አሁን ፍሬኑ እንቢ አለው ስትል፣ የሂርናን ጠመዝማዛ የሚያውቁት ሾፌሮች አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ በእግራቸው መሬቱን ይጫኑ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህ ነበር። ብሩክ ያንኑ ፊልም ከኢንተርኔት አግኝቶ ከጸሎቱ መልስ ለድሮ ደንበኞችህ ላሳይ አለ። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ ዘንድሮ በትክክል እንሰማዋለን ብሎ ደስ ብሎታል። እኔ ደነገጥኩ። ስምህ ነው ያስፈራኝ፤ መቃብር ከገባህ በኋላ ውሸታም ሊያሰኝህ ነው። ይቅር ስለው ለምን አለኝ። አባትህ ጣሊያንኛ አይችልም ነበር ልበለው? ወንበር መደርደሩን ያዝኩ።

ሰዎቹ ቤታችን መጡ። ጫት ነጋዴው ኦቦ ሙሜ ድሮም እንደሚያደርጉት ከፊት ተቀመጡ። ብሩክ ጽሑፉን እያነበበ ይተረጉማል። እስከ መሐል ድረስ ብዙም አልተለያያችሁም፤ ማባረር ማባረር ነው። ኮሚሽነሩ በር ላይ ከሴትዮዋ ጋር የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ። አንተ ሚስቱ ናት ብለህ ነበር። ለካ ጎረቤት ናት፤ የሚጠይቃትም ቀይ መኪና አይታ እንደሆነ ነው። ሁሉም ወደ ብሩክ ዞረ። ይኸው ተነቃብህ አልኩ በልቤ።

ኦቦ ሙሜ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ብሩኬ፣ ይሄ ጽሑፍ ሶባ ነው፣ ውሸት። የጻፈው ሰውዬ ጣሊያንኛ አያውቅም። አባትህ፣ አላህ ይርሐመው፣ እንዲህ አላለም።»

ሌሎቹም አዎ አሉ። ድምፁን አስጠፉና ወደ እኔ ዞሩ፤ ስንት ዓመት በር ላይ ተቀምጠሽ ሰምተሽ የለ፣ አንቺ ንገሪን አሉኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ አውቃለሁ? ካቻቢቴህን ከመሳቢያ አውጥቼ ቆምኩ። ፊልሙን ኮሚሽነሩ በር ላይ ወደሚቆምበት ቦታ መልሰውልኝ አንተ ያልከውን አልኩ፦ «እራት አትጠብቂኝ፤ በሩን ግን እንዳትቀረቅሪው።»

ቦርደዴ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶ ቆመ ተብለህ በተጠራህ ቁጥር ለእኔ የምትለው ነበር። ያኔ የቤታችንን ነገር ለሰው ታወራለህ ብዬ ተቆጥቼህ ነበር፤ የምትለው ሲጠፋህ ያመጣኸው መስሎኝ። ያን ሁሉ ዓመት በሰው ፊት ለእኔ ስትናገር ኖረሃል፣ እኔ ትኬት እቆርጣለሁ። ብሩክ ቀና ብሎ አየኝ። ቃሉን እሱም ከልጅነቱ ያውቀዋል። የአባቱ ጣሊያንኛ ከየት እንደመጣ ገባው መሰለኝ፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው።

ወደ ሆስፒታል የወሰዱህ ቀን አንደበትህ ተይዞ ነበር። በሩ ላይ አይተኸኝ ያን ቃል ሳትለኝ ሄድክ። አምስት ዓመት ሙሉ የቆጨኝ እሱ ነው። እሑድ ዕለት በራሴ አፍ ስለው፣ ያን ቀን ልትለኝ የፈለግከውን የሰማሁ መሰለኝ።

በሩን አሁን እቀረቅረዋለሁ ታዬ፤ ሌባ በዝቷል። ቃልህን ግን አልረሳም። ፊልሙን ባሳዩ ቁጥር ካቻቢቴህን ይዤ እቆማለሁ፤ ሴትዮዋም እኔ እስካለሁ ድረስ ሚስቱ ናት።

ጽጌ