የስድስት ዓመት ሥራቸውን በደብዳቤ የሻሩት እኅታችን

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ ሦስታችን ታናናሾቻቸው ፊደል የቆጠርነው በእሳቸው ቁንጥጫ ነው። በ1970 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከመሬት ቀያሹ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የሴሎችን ሞት አጠኑ። የሴል ሽፋን ሁለት ንብርብር ቅባት ነው። አንደኛው ዓይነት ቅባት ሴሉ ደኅና ሳለ በውስጠኛው በኩል ይቀመጣል፤ ሴሉ በራሱ ሥርዓት መሞት ሲጀምር ግን ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጎረቤት ሴሎችም ያንን አይተው የሚሞተውን ሴል ይውጡታል። እኅታችን ይህን ቅባት በሚያበራ ቀለም እየለዩ፣ አንድ መድኃኒት የካንሰር ሴሎችን ሞት እንደሚያፋጥን በሳይንስ መጽሔት ጻፉ። ስማቸው ተጠራ፤ በሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲም ለትምህርት ክፍል ኃላፊነት ታጩ።

በ1996 ዓ.ም. ሙከራውን በገዛ እጃቸው ደገሙት። መድኃኒቱ የነካቸው ሴሎች በሚያድጉበት የላቦራቶሪ ሳሕን ላይ ሙጭጭ ስለሚሉ ረዳቶቻቸው በጎማ መፋቂያ በኃይል ይፍቋቸው ኖሯል። ሽፋኑ ሲቀደድ ቀለሙ ዘልቆ ገብቶ ውስጥ ያለውን ቅባት ያበራል። ሳይፍቁ በኢንዛይም ቢያላቅቋቸው መድኃኒቱ ካልነካቸው ሴሎች ጋር የነበራቸው ልዩነት ድራሹ ጠፋ። "መሞት ጀምረዋል የተባሉት ሴሎች እኛው የቀደድናቸው ናቸው" አሉ።

ታናሽ ወንድማቸው፣ ይህን የምጽፈው እኔ፣ "እትዬ፣ ማንም ሳያውቅብሽ ምን አስለፈለፈሽ? ዝም በይ!" አልኳቸው።

"በሽተኛ አምኖ ቢውጠውስ?" አሉኝና ጽሑፋቸውን የሚሽር ደብዳቤ ለመጽሔቱ ላኩ። ሹመቱ ለሌላ ተሰጠ። እኔም አኩርፌ ሁለት ዓመት ደጃቸውን አልረገጥኩም። እሳቸው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ፤ በየሳሕኑ አጠገብ እየቆሙ "ቀስ በሉ" እያሉ ስለሚለምኑ ተማሪዎቻቸው "እትዬ ቀስ በሉ" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር።

አምና ካንሰር አገኛቸው። ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ሲያዝላቸው "በደንብ ተሞክሯል? ውጤቱን ያረጋገጠው ማነው?" ብዬ ያፋጠጥኩት እኔ ነኝ። እኅታችን አልጋቸው ላይ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ። ይቅርታ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲሻላቸው እላለሁ ብዬ አቆየሁት።

አልተሻላቸውም። የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት ታናናሾቻቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍ።

እትዬ፣ ልክ ነበርሽ። በሰው ፊት ልናገረው ብዬ ነው የጻፍኩት።