በዝምታው ላይ የተባለ «አቤት»

ይድረስ ለማትጠገቢው እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣቱ አሁንም ያምሻል? ባለቤትሽስ ሥራ ተመለሱ? ልጆቹስ በረቱ? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። አባባም ቆመው ይሄዳሉ፤ ከዚያ አልፌ ደህና ናቸው ብዬ ልዋሽሽ ግን አልችልም። በስልክ ያልነገርኩሽ ስደውል ከጎኔ ስለማይጠፉ ነው።

የፈረሰኛው ጦር መታሰቢያ የፊታችን እሁድ ነው። ማኅበሩ ዘንድሮ ሽር ጉድ ማለቱ ለጉድ ነው። እኔ ሠላሳ ኮርቻ ጠግኜ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኛል። ፀጉር አስተካካዩም፣ የባንኩ ዘበኛም፣ የሒሳብ አስተማሪውም ሰማያዊውን ካፖርት ለብሰው የድሮ ፈረሰኛ መስለው ቁጭ ብለዋል። አስተማሪውማ ሆዱ ቁልፍ አላስዘጋ ብሎት ሚስቱ በጎንና በጎን ጨርቅ ቀጥላለታለች። እኛ ቤት ግን ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ አያታችን በውጊያው ከወንዙ ማዶ ወድቀው ከቀሩት አርባ አንድ ፈረሰኞች አንዱ ናቸው።

ባለፈው እሁድ ልምምዱ ሲያልቅ እንደ ወትሮው የአርባ አንዱ ስም ተጠራ። ሥርዓቱን አትረሺውም፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ስም ይጠራል፣ ማንም አይመልስም፣ እስከ ሦስት ተቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ክብሩ ያ ዝምታ ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆመው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ጸሐፊው አያታችንን በቅጽል ስማቸው «ጢሞ» ብሎ ሲጠራ ግን አባባ ከመሃል «አቤት» አሉ። ጮክ ብለው አይደለም፤ ከደጅ ሰው የጠራቸው ያህል ነው።

መጀመሪያ የሳቁም ነበሩ። ስሙን እኮ ወርሰውታል፤ ጢማቸውን ከተላጩ አሥር ዓመት ቢያልፍም ሰፈሩ ዛሬም ጢሞ ነው የሚላቸው። ጸሐፊው ግን አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና የቀሩትን ስሞች ሳይጠራ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ «ምነው አባባ፣ ተሳሳቱ እንዴ?» ብላቸው «ምን እሳሳታለሁ፣ ተጠራሁ እኮ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዕቃ ማከፋፈል ይዘዋል። የተዋሱትን መሰላል መለሱ፤ የክረምት ልብሳቸውን «ክረምቱን አንተ ልበሰው» ብለው ለጎረቤታችን ለአናጢው ሰጡ። ማክሰኞ ደግሞ የማኅበሩን ሊቀመንበር ለምነው በእሁዱ የማስመሰያ ውጊያ በፊተኛው መስመር ቦታ አገኙ፤ አያታችን የወደቁበት መስመር መሆኑ ነው። የሚቀመጡት በግራጫው ፈረስ ላይ ነው። ፈረሶቹን የሚጠብቀው ባልደራስ «ይኼ ፈረስ ባሩድ ሲሸተው የሚገባበት ያጣል፣ ለጎረምሳም አላምነው» ብሎኛል። ሐኪሙም ልባቸውን አይቶ ፈረስ የሚባል ነገር እንዳይነኩ ከከለከላቸው ዓመት አልሞላም። እኔ ብለምን፣ ባለቤቴ ብታለቅስ፣ ወይ ፍንክች። እኔ ፈርቻለሁ እትዬ፤ እሁድ ከወጡ የሚመለሱ አይመስለኝም።

ትናንት በሥራዬ አድርጌ የማላውቀውን አደረግሁ። የሳቸውን ኮርቻ በፈረሱ ሆድ የሚያስረውን ጠፍር ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈታሁትና «ክሩ በስብሷል፣ ለእሁድም አይደርስም» አልኳቸው። ጠፍሩን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

አባባ ከአንቺ ቃል አይወጡም። ይህን የሚያመጣልሽ ሹፌር ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል፤ እንዳነበብሽው እቃ ብታጥቢም ትተሽ ደውዪላቸው። ልመናውን እኔ ጨርሼዋለሁ፣ አንቺ ተቆጪያቸው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለትልቋ ልጅሽ ፈተናውን እንዳለፈች ሰምቼ መኩራቴን ንገሪልኝ፤ ትንሹን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አብራችሁ ላለችው ለአክስታችንም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ባለቤቴንም ናፍቀሻታል።

አባባም ሰላም በላት ብለውኛል። ይህን ስጽፍ ከሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ጠፍሩን ራሳቸው እየሰፉ ነው። ቅድም ዓይናቸው አላይ ቢላቸው ክሩን በመርፌው አስገባልኝ ብለው ጠሩኝ። እኔም አስገባሁላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከኮርቻ ቤቱ፣ ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ ለመታሰቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው