የደሴቱ ጀርባ

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ። ጧት 2 ሰ.

ዛሬም ነዳጅ የለም። ጀልባው እንደታሰረ ነው። ሞተረኛው ሁሴን ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ወደቡ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ቤት ገባሁ፤ ወጣሁ። መቀመጥ እምቢ አለኝ።

ሰኔ 10 ግምገማ አለ። ረጂዎቹ ይመጣሉ። የደሴቶቹና የሐይቁ ጥበቃ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚሉት ያን ቀን ነው። ከቆመ ጥበቃዎቹ ይበተናሉ። ክረምቱ ሲገባ ዓሣው ሊራባ ዳር ዳሩን በበቀለው ደንገል ውስጥ ይገባል፤ እዚያ መረብ ይጠብቀዋል። ሥራውን ሳስተባብር የለፋሁት ስድስት ዓመት በአንድ ክረምት ያልቃል።

ከሦስቱ ደሴቶች ሁለቱን ለግምገማው አይቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ገዳም ያለበት፣ ወንድ ብቻ የሚገባበት ነው። ስሙን አልጽፍም። አንተም ደብተሬ አንድ ቀን ሰው እጅ ትገባ ይሆናል። እዚያ ችግኝ የማስተክል እኔ፣ መሬቱን የማልረግጥ እኔ። ጀልባ ላይ እቀመጣለሁ። የጥበቃዎቹ አለቃ አያልነህ ወጥቶ ቆጥሮ ይወርዳል። ይጽፋል። እፈርማለሁ። ሥርዓቱን አልቃወምም፤ እናቴም ከውሃው ላይ ሆና ተሳልማ ነው የኖረች። ግን አያናድደኝም ብል ውሸት ነው።

የጥበቃ ሥራው ጽ/ቤት ኃላፊ አቶ ብሩክ ደወለ። ከአዋሳ የመጣ ነው፤ ማዘር ይለኛል። እናቱ አይደለሁም። ሪፖርቱ በጊዜ ይድረሰን አለ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ። ከቀኑ 9 ሰ.

ነዳጅ ተገኘ፤ ሄድን። ፊት ለፊቱ እንደ ወትሮው ያምራል። ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ ከውሃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ በሰልፍ ቆሟል። አያልነህ ወጣ። ቡናዬን ከፔርሙሱ ቀድቼ ሳልጨርስ ተመለሰ። ሁሉም ጸድቋል ይላል።

«በእግርህ ነው የቆጠርኸው በዓይንህ?» አልሁት።

«እትዬ ጥሩ፣ ዛፍ እንደ በግ በር ላይ ተቁሞ ይቆጠራል እንዴ?»

ጥበቃዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የታሰረ ደንገል ከደሴቱ ጀርባ ዞሮ በጀልባችን ጎን ተንሳፎ አለፈ። ሥሩ አረንጓዴ፤ ትናንት የታጨደ። ከጀርባ ያለው ደግሞ የተከለለው ውሃ ነው፤ ደንገል አይታጨድበት፣ መረብ አይጣልበት ያልነው። ሁሴንን ዙርልኝ አልሁት። አያልነህን አየ። ከዚያ፣ ከውሃው ሥር ድንጋይ አለ፣ ሞተሩን ይሰብርብኛል አለ።

ድንጋዩን ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። አምኜም ነበር።

ግንቦት 25፣ ሰኞ። ከቀኑ 11 ሰ.

መዳፌ ውሃ ቋጥሯል። ከመቅዘፊያው ነው።

ከደሴቱ ትይዩ ባለው መንደር ከአጎቴ ልጅ ታንኳ ተዋስሁ። ጉልበቴን አይቶ አብሬሽ ልሂድ አለ። አልፈለግሁም። የታንኳ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በአምሳ ሁለት ዓመቴ ቢሆንም መቅዘፍ የቻልሁት በሰባት ዓመቴ ነው።

ዞርሁ። ድንጋይ የለም።

ጀርባው ራሰ በራ ነው። ከውሃው እስከ ጫፉ አንድ ችግኝ አይታይም። አንድ ሾላ ሥር ጥቁር የችግኝ ላስቲክ ተከምሯል፤ ችግኙ ከነላስቲኩ እንደ መጥረጊያ እንጨት ደርቋል። ከጉድጓድ ጋር ሳይተያይ ነው የሞተ። ደንገሉ ውሃው እስከሸሸበት ባሕር ሸሽ መሬት ድረስ ታጭዷል። ሁለት መረብ ተዘርግቷል፤ ቀጭኑ፣ ጫጩት ዓሣ የማያሳልፈው። ተንሳፋፊው ብርቱካናማ ነው። ቀረብሁ። ጥበቃዎቼ እንዳይሰጥሙ ብዬ ያከፋፈልሁት ጃኬት ነው፤ ቆራርጠውታል።

ማንም የለም። አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ፤ ወርጄ ላስቲኩን በእጄ ልነካው፣ ልቆጥረው። ማን ያየኛል። ብዙ ቆየሁ። አልወረድሁም። ለመነኮሳቱ ብዬ ነው፣ ለእናቴ ብዬ ነው፣ አላውቅም። ተመለስሁ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ። ጧት 4 ሰ.

አያልነህን አስጠራሁት። ግቢው በር ላይ ቆመ። ግባ አላልሁትም። ያየሁትን ነገርሁት። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ጀርባውንም ተክለው ነበር አለ። በጋው ጨረሰው። ሊነግረኝ ተነስቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ደምሴ የሚባለውን ጥበቃ፣ እዚህ ዳር ጥቂት ችግኝ ስለደረቀበት፣ ገበያተኛ ከጀልባ ሲወርድ ሰው ፊት አዋረድሁት። ደምሴ ሥራውን ጥሎ ወደ ቁንዝላ ሄደ፤ አልተመለሰም።

«ያን ቀን የተናገርሽውን እኔ ዛሬም አልደግመውም» አለ አያልነህ። «ከዚያ በኋላ ማን ሞቷል ይበልሽ? ከጀልባሽ የሚታየውን ተከልን። የደረቀውን በየዓመቱ ተካን። አፍሽን ፈርተን ነው፣ እትዬ።»

መረቡስ አልሁት። ጀርባውን የሚያይ ሰው ሲጠፋ ከጥበቃዎቹ ሁለቱ መረብ ጣሉ፤ እሱ አውቆ ዝም አለ። ሁሴንም ያውቃል።

ውጣልኝ አልሁት። በሩ ላይ እንደቆመ ነበር፤ የሚወጣበት የለውም። ዞሮ ሄደ።

በዚያው ቀን። ከቀኑ 10 ሰ.

ማንበብ ሳልችል ደብዳቤ ያነበበልኝ እሱ ነው። ስንቱን እንደሚመቸኝ አድርጎ አንብቦልኝ ይሆን? የሐይቁን ዳር መንገድ እስከ ዳር ሄድሁ፤ ተመለስሁ፤ እንደገና ሄድሁ። ደምሴን ምን ብዬው ነበር? ሁሉም ያስታውሳል። እኔ አላስታውስም።

ሰኔ 2፣ ሰኞ። ከቀኑ 7 ሰ.

ከሁሴን ጋር ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ አላወራሁትም። አበ ምኔቱ እስከ ወደቡ ወረዱልኝ። እሳቸው ድንጋዩ ላይ፣ እኔ ጀልባው ላይ፤ በመካከላችን ውሃ። ጀርባውን ለምን አልነገሩኝም አልኋቸው። ገረማቸው።

«ታውቂያለሽ ብዬ ነው እንጂ ልጄ። ወረቀቱ ላይ የፈረምሽ አንቺ አይደለሽ?»

ቆይተው ደግሞ አንድ ነገር ነገሩኝ። የገዳሙ በቅሎዎች እንዳይገቡ መነኮሳቱ ያጠሩት ጥግ አለ፤ እዚያ ማንም ሳይተክለው ወይራ በቅሏል። ጥቂት ነው፤ ግን ውሃ ሳይጠጣ ሁለት በጋ አልፏል። ከአሥር ጊዜ ተከላ አንድ አጥር ይሻላል ለካ። ይህን የሚያውቁ ሰው ከእኔ ሦስት ክንድ ርቀው ስድስት ዓመት ቆመዋል። አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ስንት ተተከለ ብቻ ነበር የእኔ ጥያቄ።

በመመለሻችን ሁሴን ድንጋዩ ተነስቶ ይሆናል፣ እትዬ፣ ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ፊቴን ወደ ውሃው ሳዞር መሪውን ይዞ እስከ ወደቡ አቀረቀረ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰ.

ለአቶ ብሩክ ደውዬ ሁሉንም ነገርሁት። ማዘር፣ ግምገማው ይለፍና እናስተካክለዋለን አለ። አሁን ከተጻፈ ይዘጉታል፤ ከተዘጋ ዓሣውን ማን ይጠብቀዋል ይላል። ከሰዓት በኋላ የተተየበ ሪፖርት ላከ። እኔ መፈረም ብቻ። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። «ችግኙ በደሴቱ ዙሪያ በሙሉ ጸድቋል» ይላል።

ክፋቱ፣ አቶ ብሩክ በስልክ ያለው እውነት ነው። ይዘጉት ይሆናል።

እስክሪብቶ አነሳሁ። አስቀመጥሁ። ልብስ አጠብሁ። የታጠበውን ደግሜ አጠብሁ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ። ጧት 1 ሰ.

ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። የሐይቁ ዳር ደፍርሷል። ዓሣው መግባት ጀምሯል፤ ሽታው ያስታውቃል።

በሬን ስከፍት ሁለቱ መረቦች ደጄ ላይ ተጥለዋል። ገና እርጥብ ናቸው፤ የጃኬቱ ብርቱካናማ ቁራጭም አብሮ አለ። አያልነህ ነው። አላንኳኳም፤ ጎረቤት ሲሄድ አይታዋለች። ብርድ ልብስ የለበሰ፣ እስከ ወገቡ የበሰበሰ ሰው አለችኝ። ዕድሜው አምሳ አልፏል፤ በዚያ ዝናብ ብቻውን ነው የጎተተው።

ልጠራው ብዬ ስልኩን አነሳሁ። የምናገረው ሁሉ ስድብ ሆኖ መጣብኝ። ተውሁት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ። ጧት 12፡30

ጻፍሁ። በእጄ፤ አራት ገጽ። የተተየበውን ከሥሩ አያይዤዋለሁ፤ አልፈረምሁበትም።

የጻፍሁት ይህን ነው። የደሴቱ ጀርባ ባዶ ነው። ስድስት ዓመት ሳላየው አይቻለሁ ብዬ ፈርሜአለሁ። በተከለለው ውሃ መረብ ነበር፤ ወጥቷል። ጀርባው መታጠር እንጂ መተከል አይፈልግም፤ አበ ምኔቱን ጠይቁ። ከእንግዲህ የማልረግጠውን መሬት የሚረግጡት ይፈርሙበት፤ እሳቸውና አያልነህ። እኔ የምፈርመው በውሃው ላይ ነው፤ በየሳምንቱ እዞረዋለሁ፤ ነዳጅ ሲጠፋ በታንኳ። ብትዘጉትም እዞረዋለሁ።

የደምሴንም ነገር ጻፍሁ። አንድ መስመር ናት። ሁለት ጊዜ ሰረዝኋት፤ ሦስተኛውን ተውኋት። ለምን እንደዋሹኝ ሳይጻፍ መዋሸታቸው ብቻ ቢጻፍ ያም ሌላ የፊት ለፊት ዛፍ ነው።

ሊዘጉት ይችላሉ። አውቃለሁ። ጽ/ቤቱ ሲከፈት ራሴ አደርሰዋለሁ፤ ነገ ግምገማው ላይ ረጂዎቹ ፊት ይነበብ እላለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዙር፤ ውሃው ንጹሕ ነው ብዬ ጽፌአለሁና ዛሬ ማየት አለብኝ።

ሁሴን ሞተሩን አስነስቷል። በመስኮት አየዋለሁ። አያልነህም ጀልባው ላይ ተቀምጧል። ና ያለው የለም። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሯል። ምን እንደምለው አላሰብሁም። መጀመሪያ ደህና አደርህ እለዋለሁ። ከዚያ… ሁሴን እየጠራኝ ነው፤ ልሂድ።